ክትባቱ ትምህርት ቤት ደርሷል፤ ትምህርቱስ?

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በአንድ ዓመት ብቻ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ሲያዙ፣ ከ5 ሺህ በላይ ሞተዋል። ከሁሉ የሚያስቆጨው በሽታውን አስቀድሞ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው።

መንስኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ ነው። ከዝርያዎቹ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። ክትባቱ ከቫይረሱ ይጠብቃል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ተለይተው የሚከተቡትም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነበር። በዓለም ገበያ እጥረት ስለነበረ ዕድሉ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ሆነ፤ እነሱም በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ መከተብ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዶዝም በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻም ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን በአንድ ዶዝ ለመከተብ ታቀደ።

የዘመቻው ዋና ሜዳ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ስማቸውና ዕድሜያቸውም በመዝገብ ሰፍሯል። ነገር ግን መርፌው ከማብራሪያው ቀድሞ ከደረሰ ክፍተቱን የሚሞላው አሉባልታ ነው። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ይናፈሳል፤ እናትም «ልጄ ገና ሕፃን ናት፣ ስለምን ትከተባለች?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱም ግልጽ ነው፤ ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይቀድም ስለሆነ ነው። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ካፈረ፣ ልጅቷ መልሱን ከመንደር ወሬ ትለቅማለች።

ያልተዘጋጀ ትምህርት ቤት ምን ሊገጥመው እንደሚችል ኮሎምቢያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርመን ዴ ቦሊቫር በተባለች ከተማ ክትባቱን የወሰዱ በርካታ ተማሪዎች ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ ምስላቸውም አገር አዳረሰ። የጤና ባለሥልጣናት አጣርተው ምክንያቱ ክትባቱ ሳይሆን ከአንዷ ወደ ሌላዋ የተዛመተ ድንጋጤ መሆኑን ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። ከ90 በመቶ በላይ የነበረው የመጀመሪያ ዶዝ ሽፋን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 14 በመቶ አሽቆለቆለ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን መሳት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጅቷ ተቀምጣ ትከተባለች፤ ከዚያም 15 ደቂቃ ያህል ዐርፋ ትቆያለች። ይህን ቀድማ የሰማች ተማሪ ጓደኛዋ ብትወድቅ እንኳ አትሸበርም።

ሩዋንዳ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ፕሮግራሙን ስትጀምር መምህራንን፣ የመንደር ጤና ሠራተኞችንና የኅብረተሰብ መሪዎችን ከፊት አሰለፈች። ከትምህርት ገበታ የራቁትንም ልጃገረዶች የመንደር ጤና ሠራተኞች ፈልገው አገኟቸው። ሽፋኑም ከ90 በመቶ በላይ ሆነ።

ለእኛም ቢሆን መንገዱ ሩቅ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቀበሌው አለች፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ሚኒ ሚዲያ፣ የጤና ክበብና የወላጅ መምህር ኅብረት አለ። ክትባቱ ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ የባዮሎጂ መምህሩ በክፍል፣ ሚኒ ሚዲያው በጠዋት ሰልፍ፣ ጤና ባለሙያዋ በወላጆች ስብሰባ ያስረዱ። ወንዶች ልጆችም ይማሩ፤ ቫይረሱ እነሱንም ይይዛል፣ ነገም አባት ይሆናሉ። ትምህርት ያቋረጡትን ደግሞ ቀበሌና እድር ይፈልጓቸው።

ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር ይህን የዘመቻ ሰሞን ሥራ አድርገው ሊተዉት አይገባም፤ በየዓመቱ የትምህርት ካሌንደር ውስጥ ቋሚ ቦታ ይስጡት። ወላጆች ሆይ፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ግን ሳታስከትቡ አትቅሩ።