ከሚዛን ተፈሪ እስከ ድንበር፦ መኪናው ይደርሳል፣ ሰነዱስ?

ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ሱዳን መሻገር ወደ አዲስ አበባ ከመመለስ የሚቀል ይመስላል። አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ወሰኑ ግን በዲማ በኩል፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነና ላንድክሩዘሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በቴፒና በበበቃ የቡና እርሻዎች አካባቢ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለዚህ መስመር ቢያወሩ አይገርምም።

ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ብቻ አይደለም። መንገድ ድንበር ላይ መድረሱና ድንበሩ ለመኪና ክፍት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለጉምሩክ ሰው መንገደኛ ነው፤ መኪና ግን ዕቃ ነው። በአገራችን አንድ ተሽከርካሪ ሲገባ የሚከፈልበት ቀረጥና ታክስ ከግዢ ዋጋው ሊበልጥ እንደሚችል ይታወቃል። በመሆኑም ሳይመዘገብ የወጣ መኪና ሲመለስ፣ ባለንብረቱ “ይህ የራሴ፣ ቀረጡ የተከፈለበት መኪና ነው” ብሎ የማስረዳት ሸክም ይወድቅበታል። ካልተሳካለት ነገሩ ወደ ኮንትሮባንድ ይዞራል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፤ ንብረት እስከ መውረስ ይደርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትርፍ ጎማ ሳይሆን ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉ መረጋገጥ አለበት። አሽከርካሪው ባለንብረቱ ካልሆነ፣ በተለይ መኪናው የድርጅት ከሆነ፣ ከአገር ማውጣትን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና መያዝ ይኖርበታል። “እንዲያሽከረክር” ብቻ የሚል ውክልና ኬላ ላይ ላያስኬድ ይችላል። ከዚያ የጉምሩክ ጊዜያዊ መውጫ ፈቃድ ይከተላል። ከሚዛን ለሚነሳ ሰው ጥያቄውን አስቀድሞ በጅማ ቅርንጫፍ ማቅረብ ሞያሌ ደርሶ ከመጉላላት ይሻላል።

ካርኔ የሚባለው ሰነድም አለ። መሠረቱ በ1946 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ የተፈረመው የግል ተሽከርካሪዎችን ለጊዜው ስለማስገባት የተደረገ ስምምነት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ የአውቶሞቢል ማኅበር “መኪናው ካልተመለሰ ቀረጡን እኔ እከፍላለሁ” ብሎ ዋስ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ቅጠል አንዱ ክፍል ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ ይቀደዳል፤ ቀሪው ማኅተም ተመትቶበት ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። የመውጫው ማኅተም ከተረሳ መኪናው በወረቀት ላይ እዚያው አገር እንደቀረ ይቆጠራል፤ ዋስትናውም ይያዛል።

መድንን በተመለከተ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለ። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ የአገር ውስጡን የሦስተኛ ወገን መድን ኬንያን፣ ጂቡቲን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን በመሳሰሉ አባል አገሮች ያስቀጥላል። የቢጫ ወባ ክትባት ደብተርም “ቢጫ ካርድ” ስለሚባል ሁለቱ እንዳይምታቱ! መንገደኛው ሁለቱንም ሊጠየቅ ይችላል።

የተደራጀው በር ሞያሌ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገሮች የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች በአንድ ግቢ ያሠራል። ከሚዛን በቦንጋ፣ ጅማ፣ ጭዳ፣ ታርጫ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶና ያቤሎ መዞር ረዥም ነው፤ ግን ሕጋዊ ነው። ኬንያ በግራ እንደሚነዳ መዘንጋት የለበትም። እኛም ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ እስክንዞር ድረስ በግራ ነበርን፤ የዛሬ አሽከርካሪ ግን ያንን አያስታውስም። በኦሞራቴ በኩል በቱርካና ሐይቅ ዳር የሚያልፉ ጀብደኛ ተጓዦች አሉ። በኬንያ በኩል የመግቢያ ሰነዳቸውን የሚያስተካክሉት ግን ብዙውን ጊዜ ናይሮቢ ከደረሱ በኋላ ነው። በውጭ ታርጋ የሚጓዝ ቱሪስት ቢደፍረው ይድፈረው፤ መኪናውን ለሥራ የሚፈልግ ሰው ግን ባይከተለው ይመረጣል።

ወደ ዲማው መስመር እንመለስ። እዚያ እንደ ሞያሌ ያለ የጋራ ጣቢያ የለም። ወሰኑ ራሱ የተሰመረው ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት መሠረት ነው። በዚያው ውል እንግሊዞች ባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቅዶ ስለነበር፣ የምዕራቡ ቡና በጎሬ ወርዶ ከጋምቤላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ያ በር ተዳከመ፤ ዛሬ የሚዛንና የቴፒ ቡና ለኤክስፖርት የሚጓዘው ወደ ምሥራቅ፣ በአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ ነው። የዲማው መስመር ቢከፈት ምን ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ሙከራ አልጠፋም። በየካቲት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባና ጁባ አገሮቹን በመንገድ ለማገናኘት ተፈራርመዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በፓጋክ በኩል ለሚያልፍ መንገድ ኢትዮጵያ ብድር ለመስጠት ተስማምታለች። ሆኖም ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን መውሰዳቸው አይዘነጋም። የድንበሩ ጥበቃ የሚጠብቀው በምክንያት ነው።

ለማንኛውም እስከ ዲማ ለሥራ የሚወርድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከወረዳው አስተዳደር ቢጠይቅ፣ ዝናብ ሳይገባ ቢወጣ፣ በጄሪካን ነዳጅ መቅዳት ሊከለከል ስለሚችል የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሚዛን ላይ ሆኖ ቢያዘጋጅ ይመከራል።