አየር ጤና፦ ከወረዳው ቁጥር ይልቅ የሰፈሩ ስም

በአዲስ አበባ ወረዳ የሚጠራው በቁጥር ነው። መታወቂያችን ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ነው። የታክሲ ረዳት ግን የወረዳ ቁጥር ጠርቶ አያውቅም፤ ሜክሲኮም ሆነ ጦር ኃይሎች ቆሞ «አየር ጤና! አየር ጤና!» ነው የሚለው። የከተማዋን ምዕራብ ማወቅ የሚፈልግ ሰውም ስሞቹን ቢከተል ይሻለዋል።

አየር ጤና የሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. ቻርተር መሠረት በ10 ክፍላተ ከተማ ስትዋቀር አንዱ ይህ ነበር፤ ኋላ ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆነዋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 428,895 ሰው ተቆጥሮበት ከአሥሩ ሁሉ ብዙ ነዋሪ ያለው ሆኖ ተገኘ። ከስድስት የከተማዋ ነዋሪ አንዱ ገደማ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሰው ካመጡት ነገሮች አንዱ መንገዱ ነው። የጅማ መንገድ በአየር ጤና አልፎ ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ይወርዳል። የቡታጅራውም መስመር ዓለም ገና ላይ ይገናኘዋል። ስለዚህ ከጅማ፣ ከወልቂጤ፣ ከወራቤ የተነሳ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ መጀመሪያ ከሚገባባቸው የከተማዋ ሰፈሮች አንዱ ይህ ነው። ብዙው ዘመድ ጋ አርፎ፣ ሥራ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ እዚያው ቀርቷል። ለቤት ሠሪው የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጥበት የኮልፌ ገበያ ስሙ አጠና ተራ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘብ የገባበት የቤቶች ግንባታም በአየር ጤና አቅራቢያ ለአንድ ሰፈር ስሙን ትቶለት ሄዷል፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዓለም ባንክ ይባላል።

ኮልፌ ሌላም ታሪክ አለው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ካምፕ ነው።

ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ አለ። ስሙ የመጣው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት እዚያው ተመሠረተ፤ ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞችም የሥጋ ደዌ ሕክምናን ተምረውበታል። ለሕክምና መጥተው ወደየቀያቸው መመለስ የከበዳቸው ሕሙማን ሆስፒታሉን ተጠግተው መንደር መሠረቱ።

ከዚያው አጠገብ ረጲ ነው፤ ሕዝቡ ቆሼ ይለዋል። የመላው አዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተደፋው እዚህ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወረደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው ተመረቀ፤ ሲታቀድ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል ታስቦ ነበር።

አየር ጤና ማለት የአየር ጤንነት ነው። ከቦሌም ከአራዳም በከረጢት የወጣ ጥራጊ ለዘመናት የተጫነው ይህን ስም ወደያዘ ሰፈር ጎረቤት ነበር። የስሙ ዕዳ የነዋሪው ብቻ አይደለም፤ ከረጢቱን በር ላይ ያስቀመጥነው ሁላችንም አለብን።