ነርቭ ለደም ሥር የሚልከው ቃልና የካልሲየም ሥራ

ነርቭ ያዝዛል፥ ጡንቻ ይታዘዛል። ብዙዎቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው ዕውቀት ይህ ነው፤ ለፈተናም ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን በትእዛዙና በመታዘዙ መካከል ምን እንደሚደረግ የጠየቀ ሰው ብዙ ጉድ ያገኛል። እዚህ የምንመለከተው በፈቃዳችን የሚንቀሳቀሰውን የክንድ ጡንቻ ሳይሆን፥ የደም ቅዳን ግድግዳ ከብቦ ሳናውቀው ሌት ተቀን የሚሠራውን ለስላሳ ጡንቻ ነው።

የካልሲየም ነገር የተጀመረው ግን በልብ ነው። ሲድኒ ሪንገር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ እያኖረ ሲመረምር ልቡ ለረዥም ጊዜ ይመታለት ነበር። ኋላ ግን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ተራ የለንደን የቧንቧ ውሃ መሆኑ ታወቀ። በተጣራ ውሃ ሲሞክረው ልቡ ደክሞ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ነበረበትና። የውሃ ኩባንያ ለሳይንስ ያበረከተው ድርሻ ይህን ያህል ነው!

ዕረፍት ላይ ባለ ሴል ውስጥ ነጻ ካልሲየም እጅግ ጥቂት ነው፤ በውጭ ያለው ፈሳሽ ወደ 10,000 እጥፍ የሚበልጥ ይዟል። ሴሉ ካልሲየምን ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሌላውንም ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባል የውስጥ ጎተራ ያከማቻል። ስለዚህ በር የተከፈተ እንደ ሆነ ካልሲየም ይጎርፋል።

በሩን የሚያስከፍተው ነርቭ ነው፤ ራሱ ግን ወደ ሴሉ አይገባም። ወደ ደም ቅዳ የሚደርሰው የሲምፓቲክ ነርቭ ጫፉ እንደ መቁጠሪያ እያበጠ ይሄዳል፤ ከየእብጠቱም ኖራድሬናሊን የተባለ ቅመም ይረጫል። ይህም በሴሉ ሽፋን ላይ አልፋ አንድ ከሚባለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፥ ከሽፋኑ ኢኖሲቶል ትሪስፎስፌት የተባለ መልእክተኛ ተቈርጦ ይወጣና ጎተራውን ይከፍታል። በኤሌክትሪክ ለውጥ የሚከፈቱ ሌሎች በሮችም በሽፋኑ ላይ አሉ፤ በእነርሱ የውጭው ካልሲየም ይገባል።

የፈሰሰው ካልሲየም አራት አራት እየሆነ ካልሞዱሊን በተባለ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ ካልሞዱሊን አንድ ኤንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ኤንዛይሙ በማዮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ያን ጊዜ ማዮሲን አክቲንን ይዞ ይጎትታል። በክንድ ጡንቻ ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት የለም፤ ካልሲየም ትሮፖኒንን ነክቶ ወዲያው ያሠራዋል። ለስላሳው ጡንቻ ዘገምተኛ ነው፤ አንዴ ከያዘ ግን በጥቂት ጉልበት ረዥም ሰዓት ጨብጦ ይቈያል።

እስከዚህ ያለው በየመማሪያ መጽሐፉ በቀስት ተሥሎ ይገኛል። ቀስቱ የማያሳየው፥ ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም ከተሠራ በኋላ የታየውን ነው። በ1994 የጃፓን ተመራማሪዎች የአይጥን የጅራት ደም ቅዳ ነርቮች በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ ሲመለከቱ፥ ካልሲየሙ በሴሉ ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ አልወጣም፤ በሴሉ ርዝመት እንደ ማዕበል ሄደ፥ ጠፋ፥ እንደ ገናም ተነሣ።

በ1995 ደግሞ የባሰ ነገር ተገለጠ። በአይጥ የአንጎል ደም ቅዳ ውስጥ ጎተራው በሽፋኑ አጠገብ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ የካልሲየም ብልጭታ ይለቃል፤ ይህች ብልጭታ ጡንቻውን በማኮማተር ፈንታ ታላላዋለች! የምታደርገው የፖታሲየምን በር መክፈት ነውና፤ ፖታሲየም ሲወጣ የሴሉ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፥ የውጭው ካልሲየም የሚገባባቸው በሮችም ይዘጋሉ። እንግዲህ «ካልሲየም ያኮማትራል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የት ቦታ ላይ እንደ ሆነ ሊጨምርበት ይገባል።

ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ የሚመስለው ሰው የደም ብዛት ያለበትን ዘመዱን ክኒን ይመልከት። አምሎዲፒን የሚዘጋው በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን የካልሲየም በር ነው፤ ፕራዞሲን ግን የኖራድሬናሊንን ተቀባይ ይይዛል። ሰው ከመኝታው ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ነርቩ ደም ሥሮቹን ወዲያው ካላጠበበ አንጎሉ ደም ያጣል። ፕራዞሲን ይህን የነርቭ ቃል ስለሚያፍን፥ በተለይ የመጀመሪያው ክኒን ከተዋጠ በኋላ ሰውዬው እንደ ተነሣ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ የመጀመሪያውን መጠን አሳንሶ በመኝታ ሰዓት ያዝዛል። አምሎዲፒን በሚወስደው ላይ ይህ እምብዛም አይታይም፤ ጎተራው ገና ለነርቩ ይከፈታልና።