የስማርት ስልክ ባትሪ ያለወትሮው ቶሎ ማለቅ

የስማርት ስልክ ባትሪ ያለወትሮው ቶሎ ማለቅ አንድ ስልክ አጠቃቀሙ ሳይለወጥ ከቀድሞው ባጠረ ጊዜ ውስጥ ቻርጅ ሲጨርስ የሚታይ ችግር ነው። በተለምዶ «ስልኩ ቻርጅ አይዝም» ይባላል። አባባሉ ጥፋቱን በባትሪው ላይ ይጥላል፤ ነገር ግን ደካማ ኔትወርክ፣ ብርድ ወይም አንድ መተግበሪያ በጤነኛ ባትሪም ላይ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ፣ ከፍታውና ገደላማው መሬት እነዚህን መንስኤዎች ያደባልቃቸዋል። በመሆኑም መንስኤው ሳይለይ ባትሪ መቀየር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ችግሩን አይፈታም።

የባትሪው አሠራር

የዛሬ ስማርት ስልኮች የሚሠሩት በሊቲየም-አዮን ባትሪ ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1991 ነበር። ባትሪው ኃይል የሚሰጠው የሊቲየም አዮኖች በፈሳሽ ውስጥ አልፈው ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ሲጓዙ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶኛ በቀጥታ የተለካ መጠን ሳይሆን ስልኩ ከቮልቴጅና ከተቀዳው ኃይል ተነሥቶ የሚያሰላው ግምት ነው። በዚህም ምክንያት መቶኛው በድንገት ሊዘልል ወይም ስልኩ 20 ከመቶ እያሳየ ሊጠፋ ይችላል።

መንስኤዎች

ደካማ ኔትወርክ። ስልክ ወደ አንቴና ማማ የሚልክበትን ኃይል እንደ ርቀቱና እንደ መከለያው ይለዋውጣል። ማማው ሲቀርብ ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ ሲርቅ ወይም ተራራ ሲከልለው ግን ኃይሉን ይጨምራል። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሁለተኛው ትውልድ (2ጂ) ስልክ በአጫጭር ምቶች እስከ 2 ዋት ሊልክ ይችላል። ደብረ ብርሃን በሜዳማ ደጋ ላይ የተቀመጠች ስትሆን ወደ 40 ኪሎ ሜትር በምሥራቅ የምትገኘው አንኮበር ግን ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚቆረጥበት ጠርዝ ላይ ናት። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ እንደሚታየው ባለ ገደላማ ቦታ፣ አንድ ሸንተረር ማማውን ሲከልል ስልኩ ኔትወርክ ይጠፋበታል፤ ደጋግሞም ይፈልጋል። ሰውየው ስልኩን ከኪሱ ባያወጣውም ፍለጋው ባትሪውን ይበላል። ሁለት ሲም ካርድ የያዘ ስልክ ለሁለቱም ይፈልጋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእርሱንና የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም በአንድ ስልክ የሚይዙ አሉ፤ አንደኛው በማይደርስበት ቦታ ያ ሲም ያለ ጥቅም ባትሪ ይጨርሳል።

ብርድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ የአዮኖቹ ጉዞ ይዘገያል፣ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ስልኩ ብዙ ኃይል ሲጠይቅም ቮልቴጁ ይወርዳል። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። በብርድ የመጣው መቀነስ ጊዜያዊ በመሆኑ ስልኩ ሲሞቅ ይመለሳል።

መተግበሪያዎች። ቦታን በጂፒኤስ የሚከታተሉ፣ ፎቶና ቪዲዮ ከበስተጀርባ የሚጭኑ ወይም ማዘመን ጀምረው በኔትወርክ መቆራረጥ ያልጨረሱ መተግበሪያዎች ስልኩ እንዳይተኛ ያደርጋሉ። በአንድሮይድም ሆነ በአይፎን በቅንብሮች (ሴቲንግ) ውስጥ «ባትሪ» የሚለው ክፍል የትኛው መተግበሪያ ምን ያህል እንደተጠቀመ ያሳያል።

የባትሪ እርጅና። ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር የመያዝ አቅሙ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል፤ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። ያረጀ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው ከፍ ያለ ስለሆነ ብርድ ይበልጥ ይጎዳዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው ያረጁ አንዳንድ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደቀነሰ ያመነው በዚሁ ባሕርይ ነበር፤ ምክንያቱ ስልኮቹ በድንገት እንዳይጠፉ መሆኑን ገልጾ ነበር።

መንስኤውን መለየት

መንስኤዎቹን ለመነጣጠል ያለ ምንም መሣሪያ የሌሊት ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ዘዴው በየሌሊቱ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

በመጀመሪያው ሌሊት ስልኩ ሞልቶ በአውሮፕላን ሁነታ (ፍላይት ሞድ) ብርድ በማይነካው ክፍል ውስጥ ያድራል። ጠዋት የቀነሰው መቶኛ ይጻፋል። ጤነኛ ስልክ በዚህ ሁኔታ የሚቀንሰው ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ሌሊት በዚያው ቦታ ኔትወርኩ ተከፍቶ ያድራል። የመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው በብዙ ከባሰ፣ ባትሪው ሳይሆን ኔትወርኩ ወይም በኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ ነው። ሦስተኛውን ሌሊት ዳታና ዋይፋይ ብቻ ዘግቶ ሲሙን ክፍት መተው ሁለቱን ይለያቸዋል፤ አሁንም ከባሰ ጥፋቱ የሲግናሉ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ራሱ መጥፎ ከሆነ፣ በአንድሮይድ ስልክ ሙከራው በሴፍ ሞድ ይደገማል። በዚህ ሁነታ ከስልኩ ጋር የመጡት እንጂ በኋላ የተጫኑ መተግበሪያዎች አይሠሩም። ከተሻለ ጥፋቱ ከተጫኑት የአንዱ ነው፤ ካልተሻለ ወደ ባትሪው ወይም ወደ ስልኩ ውስጣዊ ክፍል ያመለክታል። ባትሪ የመቀየሩ ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

መፍትሔና ጥንቃቄ

ኔትወርክ በሚጠፋበት መንገድ ላይ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ማድረግ ወይም የማይሠራውን ሲም ማጥፋት ብዙ ይቆጥባል። 4ጂ ብቅ ጥልቅ በሚልበት ቦታ የኔትወርክ ምርጫውን በጸናው 3ጂ ወይም 2ጂ ላይ ማቆም ፍለጋውን ያስቀራል። በብርድ ጊዜ ስልኩን በውስጠኛ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ መያዝ ይረዳል፤ ምድጃ ዳር ማሞቅ ግን ባትሪውን ይጎዳል። መተግበሪያዎችን በየጊዜው እየጠረጉ መዝጋት ልማድ ቢሆንም፣ መልሰው ሲከፈቱ የበለጠ ኃይል ስለሚወስዱ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘን ስልክ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ አይመከርም። ሊቲየሙ በዋልታው ላይ ብረት ሆኖ ስለሚለብድ ባትሪው እስከ መጨረሻው ይዳከማል፤ አስቀድሞ በክፍሉ ሙቀት ማረፍ አለበት። በብርድ ልብስ ሸፍኖ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ሙቀቱን ያፍናል። ጀርባው ያበጠ ወይም ስክሪኑ የተነሣ ስልክ ሙከራ አያስፈልገውም፤ ቻርጅ ሳይደረግና ሳይወጋ ወደ ባለሙያ መወሰድ አለበት፣ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ሰው ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ነው። መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ስልኩ ሲዘጋ ጥሪ ብቻ ሳይሆን ክፍያም ይቋረጣል። ስለዚህ ከአንኮበር ወደ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ ስልኩን ሞልቶ መነሣቱ ብቻ አይበቃም፤ ኔትወርክ የሚጠፋባቸውን ቦታዎች አውቆ እዚያ ፍለጋውን ማስቆም ባትሪውን ለሚያስፈልግበት ሰዓት ያቆይለታል።