የወሰን ጠብ ስለ ምን አይበርድም?

ሁለት ባላገሮች በድንበር ሲካሰሱ የሙግቱ ወጪ ከመሬቱ ዋጋ በልጦ እንደሚገኝ ብዙዎቻችን እናውቃለን። መንግሥታትም ከዚህ አይርቁም። ለዚህ ሕንድንና ቻይናን ምሳሌ አድርገን እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ክርክሩ በተለይ በሁለት ቦታ ነው። በምሥራቅ በኩል እንግሊዞች በ1914 ከቲቤት መልእክተኞች ጋር የተስማሙበት የማክማሆን መሥመር አለ፤ ቻይና ግን ይህን ስምምነት አልተቀበለችውም። በምዕራብ በኩል ደግሞ አክሳይ ቺን የሚባል፥ ሰው አይኖርበትም ለማለት የሚቻል ደጋ በረሃ አለ። ሕንድ የላዳክ ክፍል ነው ትላለች፤ ቻይና ግን በ1950ዎቹ ሺንጂያንግን ከቲቤት የሚያገናኝ መንገድ ሠራችበት።

ታዲያ ጦርነቱን ያመጣው የመሥመሩ አለመታወቅ ብቻ ነውን? አይደለም እንላለን። ቻይና በ1960 ከበርማ ጋር ስትዋዋል፥ ስሙን ባትጠራውም፥ ያው የማክማሆን መሥመር ወደ በርማ የሚዘልቅበትን ክፍል በአመዛኙ ተቀብላለች። ከሕንድ ጋር ይህ ሳይሆን የቀረው መተማመን ስለ ጠፋ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1954 በሰላም አብሮ ለመኖር አምስት መሠረተ ሐሳቦችን ተፈራርመው ነበር። በ1959 ግን ቲቤት አመፀች፤ ዳላይ ላማም ወደ ሕንድ ሸሹ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን የድንበር ዘበኛ እንደ ወራሪ ያየው ጀመር፤ በዚያው ዓመትም ደም ፈሰሰ። በ1960 ቹ ኤንላይ ኒው ዴልሂ ድረስ ሄደው ከኔህሩ ጋር ቢነጋገሩም አልተስማሙም። ደም ከፈሰሰ በኋላ መሬት የሚለቅ መሪ በገዛ ሕዝቡ ፊት እንደ ከዳተኛ ይቈጠራልና።

በ1962 አንድ ወር የፈጀ ጦርነት ሆነ። ቻይና አሸንፋ በምሥራቅ በኩል ወደ ኋላ ስትመለስ አክሳይ ቺንን ግን ያዘች። ጠቡም ከተራራው ወርዶ ሌላውን ግንኙነት ሁሉ ነካ። ቻይና በ1963 የሕንድ ባላንጣ ከሆነችው ከፓኪስታን ጋር ወሰኗን ተዋዋለች፤ ዴልሂና ፔኪንግም እስከ 1976 ድረስ አምባሳደር አልተላላኩም። በ1993ና በ1996 በድንበሩ ላይ ኃይል ላለመጠቀም ተስማሙ፤ ንግዳቸውም እጅግ ሰፋ። ነገር ግን በ2020 በጋልዋን ሸለቆ ወታደሮቻቸው በዱላና በድንጋይ ተደባድበው 20 ሕንዶችና ቻይና ራሷ ያመነቻቸው 4 ቻይናውያን ሞቱ። ሕንድም ወዲያው ብዙ የቻይና የስልክ ፕሮግራሞችን ከለከለች። በ2024 ስለ ድንበር ቅኝት ቢስማሙም ወሰኑ ዛሬም አልተካለለም።

ከዚህ የምንማረው ንግድ ብቻውን የወሰንን ጠብ እንደማያበርድ ነው። ወሰን የመተማመን መለኪያ ነው፤ መተማመን ሲኖር የተጣመመ መሥመር እንኳ ያስማማል፤ ሲጠፋ ግን ሣር የማይበቅልበት ድንጋይ ሰው ያስገድላል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች የድንበር ጠብ ሲነሣ መሬቱ የማን ነው ከማለታችን በፊት፥ እያንዳንዱ ወገን ከጎረቤቱ ምን ፈርቶ ነው ብለን እንጠይቅ።