የከተማ ቀፎ የሙቀት ሒሳብ

ስለ ማር ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ገጠሩን ነው። ንብ ግን የከተማን ክልል አታውቅም። በፓሪስ የኦፔራ ቤት ጣሪያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቀፎ ተቀምጦ ማር ተቆርጧል። በአዲስ አበባም በግቢያቸው ጥግ አንድ ሁለት ቀፎ የሚያኖሩ አሉ። ከእነዚህ ወገኖች በብዛት የሚሰማው ጥያቄ «ምን ያህል ግቢ ይበቃል?» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት መቅደም የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንድ ቀፎ ምን ያህል ነዳጅ ይፈጃል?

የሥነ ሕይወት ባልደረቦቻችን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ለፊዚክስ ሰው ቀፎ ነዳጁን ራሱ የሚያመርት ምድጃ ነው። እጮች የሚያድጉበት መካከለኛው ክፍል ከ33 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይሻል። በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ንቦቹ ከ23 ዲግሪ የሚበልጠውን ልዩነት የደረታቸውን ጡንቻ በማንቀጥቀጥ ይሞሉታል። የሚነደውም ማሩ ነው።

ማሩን ማብሰልም ዋጋ አለው። ከአበባ የሚቀዳው ፈሳሽ (ኔክታር) ከመቶ 40 እጁ፣ የበሰለው ማር ደግሞ ከመቶ 80 እጁ ስኳር ነው እንበል። እንግዲህ ለ1 ኪሎ ግራም ማር 2 ኪሎ ግራም ኔክታር ያስፈልጋል፤ 1 ኪሎ ግራም ውኃም መትነን ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ሲሆን፣ 1 ኪሎ ግራም ማር ቢቃጠል የሚሰጠው ወደ 13 ሜጋ ጁል ነው። ኔክታሩ ቀጥኖ ስኳሩ ከመቶ 20 ቢሆን ግን የሚተነው ውኃ 3 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የትነቱ ሙቀትም ማሩ ከሚሰጠው ሙቀት ከግማሽ በላይ ይደርሳል። ደግነቱ ከፊሉን የአካባቢው ደረቅ አየር ይሸፍናል።

ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ቀፎ በቀትር ፀሐይ ይግላል። ንቦቹ ውኃ ቀድተው በክንፋቸው ያራግባሉ፤ ሆኖም በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ይዘት ያለው አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም በዚያው መጠን ያንሳል። ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ቢሆንም ከዚያ በፊት ይለሰልሳል፤ ማር የሞላውም እንጀራ በክብደቱ ተገንጥሎ ይወድቃል። ስለዚህ ቀፎው ከቆርቆሮው ቢያንስ ስንዝር መራቅ፣ ከላዩም የሣር ጥላ ማግኘት አለበት።

ወደ ግቢው ስፋት እንመለስ። ንብ ለቀሰም እስከ 3 ኪሎ ሜትር መብረር አያዳግታትም። በዚህ ራዲየስ የሚከበበው ምድር 28 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። የአንድ ሰው ቀፎ የሚሰማራው እንግዲህ በሰፈሩ ሁሉ፣ በባሕር ዛፉም በአደይ አበባውም ላይ ነው። ሜዳው በሕንፃ ሲሸፈን ቀፎ መጨመር የጋራውን መሶብ ማጣበብ ይሆናል። በለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ በከተማይቱ የቀፎ መብዛት የዱር ንቦችን እንዳይጎዳ አስጠንቅቋል። «ንብን ለማዳን» ቀፎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ አበባ ቢተክል እንመርጣለን።

ጎረቤትም አለ። የአገራችን ንብ ቁጡ ናት፤ መርዟ ለማይስማማው ሰው አንዲት ንድፊያ ለሞት ልታደርስ ትችላለች። በቀፎው ፊት 2 ሜትር አጥር ቢታጠር ንቦቹ ከሰው ራስ በላይ ወጥተው ይበራሉ። ማር መቁረጥም የጥንት አናቢዎች እንደሚያደርጉት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በቂ ጭስ ይዞ ነው።