ስለ በግ መሸለቻ መቀስ

በመንዝና በሌላውም ደጋ የበግ ጠጉር ባናና በርኖስ ሆኖ ቤተ ሰብን ከውርጭ የሚያድን ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ባናው ቶሎ የሳሳ እንደ ሆነ ፈታዪቱ ትወቀሳለች፤ በጉ ቈስሎ የተገኘ እንደ ሆነም እረኛው ሰነፍ ነው ይባላል። እኛ ይህን ወቀሳ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ መቀሱን አምጡና እንየው ያለ ጌታ ግን እምብዛም አላየንም።

የደነዘ መቀስ ጠጉሩን ያኝከዋል እንጂ አይቈርጠውም። ሸላቹም የቀረውን ለማስተካከል ባንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ በሁለተኛው የሚወርደው ጠጉር አጭር ስለ ሆነ ከረጅሙ ጋራ ሲፈተል ክሩን ደካማ ያደርገዋል። ደግሞም የማይቈርጥ መቀስ እጅን ስለሚያስገድድ ቆዳውን ይነክሳል።

ስለዚህ የልብስ ሰፊ መቀስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የበግ መቀስ ሁለቱ ስለቶች በስተ ኋላ በታጠፈ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ ሲጨብጡት ይቈርጣል፣ ሲለቁት በራሱ ይከፈታልና እጅን አያደክምም። የስለቱ ርዝመት 16 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ገዢው ከመክፈሉ አስቀድሞ ጨብጦ ይሞክረው፤ የታጠፈው ብረት እጅግ የጠነከረ እንደ ሆነ ከጥቂት በጎች በኋላ ጣት ያዝላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሸለቻ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዘወትር ዘይት ካላገኘ ግሎ በጉን ያቃጥላል፤ መብራት በሌለበትም ሥራ ፈት ነው። የእጅ መቀስን የሚንቅ ቢኖር፣ በ1892 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጃኪ ሀው የተባለ አውስትራልያዊ በኩዊንስላንድ በእጅ መቀስ ብቻ ባንድ ቀን 321 በጎች መሸለቱን ያስብ።

ሲሳል በውጭ በኩል ያለው ዘርዛራ ገጽ ብቻ ከስሩ ወደ ጫፉ በድንጋይ ይሞረድ። የውስጡ ገጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ሊቀር ይገባል፤ እርሱን የሞረደ ሰው መቀሱን አበላሸው፤ ስለቶቹ ከእንግዲህ አይገጥሙምና።

በጉም ደርቆ፣ ሆዱም ባዶ ሆኖ ይሸለት፤ እርጥብ ጠጉር ስለትን ያግዳል፣ ሲከማችም ይሻግታል። በጆሮ ሥር ወይም በትከሻ ፊት መግል የቋጠረ እብጠት ያለባቸው በመጨረሻ ይሸለቱ። እብጠቱ በመቀስ የተቀደደ እንደ ሆነ መግሉ በስለቱ ላይ ሆኖ ወደ ሌላው በግ ቍስል ይገባልና፣ መቀሱ ታጥቦ በአልኮል ሳይጠረግ ሌላ በግ አይነካበት።

ሥራው ሲፈጸም የበጉ ቅባት ከስለቱ ተጠርጎ ዘይት ይቀባ፤ በደረቅ ጨርቅም ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የወጥ ቤት ሰዎች ለሌላ ሥራ እንዳያውሉት የሣጥኑ ቍልፍ በእመቤቲቱ እጅ ቢሆን ይሻላል።